በደመና ውስጥ ለማብረር የትኛው ትንሽ አውሮፕላን? ከግዢ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ያገለገለ አውሮፕላን የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያው ላይ «ለመሣሪያ በረራ የተሟላ» የምትል ሐረግ ሳያሰፍር አይቀርም። የመሣሪያ በረራ ማለት ውጪው ሳይታይ መሣሪያ እያነበቡ ማብረር ነው። ሐረጓ ውሸት አይደለችም፤ ነገር ግን የምትነግረው ጥቂት ነው። ሬዲዮው፣ ከፍታ መለኪያው፣ ሰው ሠራሽ አድማሱ (አውሮፕላኑ ማዘንበሉን የሚያሳየው መሣሪያ) እና ጂፒኤሱ በቦታቸው አሉ ማለት ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ ደመና ውስጥ ሲበላሽ ምን እንደሚቀርዎ፣ አውሮፕላኑን በወር ስንት ጊዜ ሊያበሩት እንደሚችሉ፣ ሲቆም ማን እንደሚጠግነው አትናገርም። ገዢውን የሚያደኸየው፣ አንዳንዴም የሚገድለው፣ ይኸው ያልተነገረው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በመሣሪያ ማብረር ያልሠለጠኑ 20 ሰዎች የውጭው ዓለም እንዳይታያቸው ተደርገው መሪውን እንዲይዙ ተደረገ። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። ፈጥኖ የተሸነፈው በ20 ሰከንድ፣ ረጅም የቆየው በ480 ሰከንድ ሲሆን አማካዩ 178 ሰከንድ ሆነ። ምክንያቱ ድፍረት ማጣት አልነበረም። አድማስ በማይታይበት ጊዜ የውስጥ ጆሯችን ቀስ ብሎ የሚጀምር መታጠፍን አይለይም፤ አውሮፕላኑ ጎኑን ሰጥቶ እየወረደ ሰውየው ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ይመስለዋል። የሠለጠነ አብራሪ ከዚህ የሚተርፈው የተለየ ጆሮ ስላለው ሳይሆን ጆሮውን ትቶ መሣሪያውን ስለሚያምን ነው። መሣሪያው ከዋሸስ? የአውሮፕላን ምርጫ መጀመር ያለበት ከዚህ ጥያቄ ነው።

ይህ ጽሑፍ የመሣሪያ በረራ ፈቃድ ላለው ወይም ለማግኘት ለተቃረበ፣ ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። ባለሁለት ሞተሮችን ትቻቸዋለሁ፤ ጥገናቸው እጥፍ ነው፣ አንዱ ሞተር ሲቆም የሚጠይቁት ችሎታም በየጊዜው ካልተለማመዱት ይጠፋል።

መመዘኛዎቹ

አብዛኛው ገዢ የሚጀምረው ከፍጥነት ነው። እኔ ፍጥነትን መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ በቁጥር አሳያለሁ። ከእርሱ የሚቀድሙ አምስት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው አንድ ነገር ሲበላሽ ምን ይቀራል የሚለው ነው። አልተርኔተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) ቢቆም፣ የቫኪዩም ፓምፑ (አየር እየሳበ መሣሪያዎችን የሚያሽከረክረው) ቢሰበር፣ ስክሪኑ ቢጠፋ ክንፉ አግድም መሆኑን የሚያሳይ ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ የኃይል ምንጭ ያለው፣ መኖር አለበት።

ሁለተኛው አውሮፕላኑ እጅዎን ያስለቅቅዎታል ወይ የሚለው ነው። ብቻውን የሚያበር ሰው ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው አዲስ መስመር ይቀበላል፣ ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ጂፒኤሱ ውስጥ ያስገባል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ ነው። ስለዚህ የሚሠራ አውቶፓይለት፣ አውሮፕላኑን በራሱ የሚመራው መሣሪያ፣ ቅንጦት አይደለም፤ ሁለተኛ ሰው ነው።

ሦስተኛው ሕጋዊው ነዳጅ ከተሞላ በኋላ ስንት ሰው ይሳፈራል የሚለው ነው። በአሜሪካ ደንብ በመሣሪያ የሚበር አውሮፕላን መድረሻው ድረስ፣ የአየሩ ትንበያ መጥፎ ከሆነ ከዚያም ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርስ፣ በዚያ ላይ ለ45 ደቂቃ የሚበቃ ነዳጅ መያዝ አለበት። አራት ወንበር ያለው አውሮፕላን ሁሉ አራት ሰው ይዞ ይህን አያሟላም።

አራተኛው ማን ይጠግነዋል? መካኒኩ ይህን ዓይነት አውሮፕላን ከዚህ በፊት ፈቶ ያውቃል? መለዋወጫው በሳምንት ይደርሳል ወይስ በወራት? አምስተኛው፣ ሰው ራሱን የሚያታልልበት፣ በዓመት በእርግጥ ስንት ሰዓት ያበራሉ የሚለው ነው። በእርግጥ ስል የበረራ መዝገብዎ ላይ ባለፈው ዓመት የተጻፈውን እንጂ ለሚቀጥለው ዓመት የተመኙትን ማለቴ አይደለም።

ከአውሮፕላኑ በፊት ሰሌዳውን ይዩ

አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት አውሮፕላኖች በመሣሪያ ሰሌዳቸው ምክንያት ጭራሽ የተለያዩ ማሽኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስት ዓይነት ሰሌዳ ያጋጥምዎታል።

የመጀመሪያው ስድስት ክብ መሣሪያዎች ያሉት የጥንቱ ሰሌዳ ነው። ፍጥነት መለኪያው፣ ከፍታ መለኪያውና የመውጣት መውረድ መለኪያው በአየር ግፊት ይሠራሉ። ሰው ሠራሽ አድማሱና የአቅጣጫ ጋይሮው አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከሩት ሞተሩ በሚያዞረው የቫኪዩም ፓምፕ ነው። የመታጠፍ አመልካቹ ደግሞ በኤሌክትሪክ ይሠራል። አሠራሩ ብልህ ነው፤ አንድ ምንጭ ሲቋረጥ ሌላው ይቀራል። ችግሩ የቫኪዩም ፓምፑ ላይ ነው። በውስጡ ያሉት የካርቦን ምላሶች እየተፋጩ ያልቃሉ፣ ሲሰበሩም አስቀድመው አይናገሩም። ጥንቁቅ ባለቤቶች በ500 ሰዓት ገደማ ሳይሰበር ይቀይሩታል።

ፓምፑ ሲሰበር የሚሆነውን በአንድ ወቅት በጋራ በያዝናት አውሮፕላን አይቻለሁ። ምንም ድምፅ የለም። ጋይሮው በነበረው ጉልበት መሽከርከሩን ይቀጥላል፣ ከዚያ ይደክማል፣ ሰው ሠራሽ አድማሱም እንደሚያንቀላፋ ሰው ራስ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ያዘነብላል። የእኛ አውቶፓይለት የሚታዘዘው ደግሞ ለዚያው ለሚያንቀላፋው መሣሪያ ነበር፤ እርሱ ወደ ቀኝ ባዘነበለ ቁጥር አውቶፓይለቱ አውሮፕላኗን ወደ ግራ ይስባት ጀመር። ያዳነኝ የመታጠፍ አመልካቹ ነው። ትንሿ የአውሮፕላን ምስል «እየታጠፍክ ነው» ስትለኝ ከፍታ መለኪያውም መውረድ ጀምሮ ነበር። አውቶፓይለቱን አጠፋሁ፤ የሚዋሸውን መሣሪያ በኪሴ በነበረ ወረቀት ሸፈንኩት። መሸፈኑ ወሳኝ ነው፤ ውሸት መሆኑን እያወቁ እንኳ ዓይን ወደ እርሱ ይሄዳል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሻጭን መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ አውቶፓይለቱ የክንፉን ሁኔታ የሚያነበው ከየት ነው? አንዳንዶቹ ከሰው ሠራሽ አድማሱ ያነባሉ። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ ኬኤፒ 140፣ ከኤሌክትሪኩ የመታጠፍ አመልካች ስለሚያነቡ ፓምፑ ሲሞት ክንፉን ቀጥ አድርገው መያዛቸውን ይቀጥላሉ። ሻጩ መልሱን ካላወቀ አውቶፓይለቱን ደመና ውስጥ አምኖበት አያውቅም ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ሙሉ የስክሪን ሰሌዳ ነው፤ ጋርሚን ጂ1000 በብዛት የሚታየው ነው። የሚሽከረከር ጋይሮ የለም፣ በአብዛኛው ፓምፕም የለም፣ ስለዚህ የጥንቱ ሕመም የለም። ፋንታው ሁሉም ነገር በኤሌክትሪክ ላይ ተንጠልጥሏል። አልተርኔተሩ ከቆመ ባትሪው ጊዜውን ይቆጥራል። ስለዚህ ጥያቄው መጠባበቂያ ባትሪ አለ ወይ፣ ሁለተኛ አልተርኔተርስ አለ ወይ የሚለው ይሆናል። ሌላው ጣጣ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ስክሪኑ ከአሥራ አምስትና ከሃያ ዓመት በኋላ አርጅቶ መለዋወጫው ሲጠፋ ክብ መሣሪያን እንደሚቀይሩት አንዱን ብቻ ነቅለው አይቀይሩትም።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ግን ለገንዘቡ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ቅይጡ ነው። አሮጌ ሰሌዳ ላይ የቫኪዩም አድማሱ ተነቅሎ በቦታው የራሱ ባትሪ ያለው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይገባል። ጋርሚን ጂ5 ለምሳሌ ሙሉ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ በራሱ ባትሪ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ከጎኑ ወደ ማኮብኮቢያ ለመቅረብ የተፈቀደ ጂፒኤስ ከተጨመረ አሮጌው አውሮፕላን ዘመናዊ ሥራ ይሠራል። ጂፒኤስ ሲባል ጉልበት ላይ የሚቀመጠው ታብሌት አይቆጠርም። በሳተላይት ማረሚያ የታገዘው ዓይነት፣ ዋስ የሚባለውን ምልክት የሚቀበለው፣ ምልክቱ ባለበትና አቀራረቡ በተዘጋጀበት ማኮብኮቢያ ላይ ከመሬት እስከ 200 ጫማ ድረስ ሊያወርድዎ ይችላል። ይህ የመሬት ላይ መሣሪያ የሚፈልገው መደበኛው አይኤልኤስ ከሚያወርድበት ከፍታ ጋር እኩል ነው። የዚህ ጂፒኤስ መረጃ በየ28 ቀኑ እንደሚታደስ፣ እድሳቱም ክፍያ እንዳለው ከአሁኑ ይያዙት።

አውሮፕላኖቹ አንድ በአንድ

*ሴስና 172።* ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ44,000 በላይ ተመርቷል፤ በታሪክ ከእርሱ በላይ የተመረተ አውሮፕላን የለም። ይህ ቁጥር ለገዢ የሚሰጠው ጥቅም ክብር ሳይሆን መለዋወጫ ነው። የማያውቀው መካኒክ የለም። ደመና ውስጥ ተረጋግቶ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አብራሪው ከኋላው አይቀርም፣ ጎማው ስለማይታጠፍ የሚረሳ ነገር የለም። ድክመቱ ጭነቱ ላይ ነው። ባለ180 የፈረስ ጉልበቱ 172ኤስ ወደ 200 ሊትር የሚጠቀምበት ነዳጅ ሲሞላ ለሰውና ለሻንጣ የሚቀረው ወደ 250 ኪሎ ነው። ሦስት ጎልማሶች ከነእጅ ቦርሳቸው ናቸው፤ አራተኛው ወንበር ለኮት ማስቀመጫ ነው። ምርቱ በ1986 ተቋርጦ በ1996 ሲቀጥል ሞተሩ ካርቡሬተር ትቶ በነዳጅ መርጫ ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሠራውን የሚገዛ ሰው ካርቡሬተር እርጥብ ደመና ውስጥ፣ ውጪው ከዜሮ በላይ ሆኖ እንኳ፣ በረዶ እንደሚሠራ ማስታወስና ማሞቂያውን መልመድ አለበት። ከዚህ ምድብ ክንፉ ከታች የሆነው ፓይፐር አርቸርም አለ፤ በዋናዎቹ መመዘኛዎች ከ172 ብዙ አይርቅም፤ በር ግን አንድ ብቻ ነው ያለው።

*ሴስና 182።* የ172 ታላቅ ወንድም ነው። 230 የፈረስ ጉልበት አለው፣ 140 ኖት ገደማ ይሄዳል (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)፣ ነዳጁ ግን በሰዓት 50 ሊትር ይደርሳል። የሚመረጠው ለፍጥነቱ አይደለም። ነዳጁን ግማሽ አድርገው አራት ሰው ይጭኑበታል፤ ሙሉ አድርገው ሁለት ሰው ሆነው ረጅም መንገድ ይሄዱበታል። ከከፍተኛ ቦታና ከሞቃት አየር ሲነሱ ትርፍ ጉልበቱ ይታወቃል። አፍንጫው ከባድ ነው፤ በግድየለሽነት የሚያሳርፉት ሰዎች የፊት ጎማውን መትተው ከሞተሩ ኋላ ያለውን የእሳት መከላከያ ግድግዳ ያጨማድዱታል። ያገለገለ 182 ሲገዛ ይህ ግድግዳ በእጅ ባትሪ መታየት አለበት።

*ሙኒ ኤም20ጄ።* ሂሳብ የሚወድ ሰው አውሮፕላን ነው። በ200 የፈረስ ጉልበት ብቻ 155 ኖት አካባቢ ይሄዳል፤ ነዳጁም በሰዓት 38 ወይም 40 ሊትር ነው። ሌሎች በትልቅ ሞተር ያገኙትን እርሱ በቀጭን ገላ አገኘው። ገላው ቀጭን መሆኑን ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ይረዱታል። ጎማው ይታጠፋል፣ ፕሮፔለሩ ይስተካከላል፣ ስለዚህ የኢንሹራንስ ድርጅቶች በተመሳሳይ አውሮፕላን ያበሩበትን ሰዓት ይጠይቃሉ። ሲያሳርፉት ፍጥነቱን በአምስት ኖት ካሳለፉ ማኮብኮቢያው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይቀመጥም። ጥገናው ላይ ሁለት ነገር ያስጨንቃል። ነዳጁ በክንፉ ውስጥ በተለየ ታንከር ሳይሆን ክንፉ ራሱ ታሽጎ ስለሚቀመጥ ማሸጊያው ሲያረጅ ያፈሳል፤ እንደገና ማሸግ የብዙ ሳምንት ሥራ ነው። የመንገደኛ ክፍሉ አጥንት ደግሞ የብረት ቧንቧ ነው፤ በመስኮት የገባ ውኃ ከስር ያዝገዋል። ይህ ሞዴል መመረት ያቆመው በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ ሙኒ የሚያውቅ መካኒክ በአካባቢዎ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

*ቢችክራፍት ቦናንዛ።* ከ1947 ጀምሮ ሲመረት የቆየ፣ ባለስድስት ወንበሩ ኤ36 ሞዴል ለቤተሰብ የሚመች፣ ከ165 ኖት በላይ የሚሄድ ነው። መለዋወጫው ውድ ነው፤ የኋላ ወንበሮቹ ሲሞሉ የክብደቱ ሚዛን ወደ ኋላ ይሄዳል። ስድስት ወንበር የግድ ካላስፈለገዎ ይለፉት።

*ሲረስ ኤስአር22።* 310 የፈረስ ጉልበት፣ 175 ኖት፣ ከካርቦንና ከመስታወት ቃጫ የተሠራ ገላ፣ የማይታጠፍ ጎማ። ሁለት አልተርኔተርና ሁለት ባትሪ ስላለው በመጀመሪያው መመዘኛ ከሁሉ ይበልጣል። መላ አውሮፕላኑን የሚያወርደው ፓራሹት ዝነኛ ነው፤ ዋጋውም ዝነኛ ነው፤ በየአሥር ዓመቱ ፓራሹቱና ሮኬቱ መቀየር አለባቸው፣ ያ ዓመት ያለ ዝግጅት ሲመጣ ባለቤቱ አውሮፕላኑን ለመሸጥ ይፈተናል። ያገለገለ ሲረስ በርካሽ ሲቀርብልዎ ፓራሹቱ መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቁ። ከዚህም የከፋው የአብራሪው ስንፍና ነው። ማሽኑ ብዙ ስለሚሠራ ባለቤቱ በእጁ ማብረሩን ይረሳል፤ በዚህ ፍጥነት ደግሞ ሐሳብ ከአውሮፕላኑ ወደ ኋላ ሲቀር ሩቅ ነው የሚቀረው።

*ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ።* ከሌሎቹ የሚለየው በነዳጁ ነው። የኦስትሮ ናፍጣ ሞተሩ የጄት ነዳጅ ይጠጣል፣ በሰዓት ከ22 እስከ 25 ሊትር ብቻ። የእርሳስ ውህድ ያለበት አቭጋዝ (የትንንሽ አውሮፕላን ቤንዚን) በጥቂት ማረፊያዎች ብቻ በሚገኝበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ ብቻውን ክርክሩን ይዘጋዋል፤ የጄት ነዳጅ ትልቅ አውሮፕላን በሚያርፍበት ሁሉ አለ። አንድ እጀታ ብቻ አለው፣ የነዳጅና የአየር ቅልቅል ማስተካከል የለም፤ ኮምፒውተር ይሠራዋል። ያ ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ሁለት ሆኖ፣ የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ ተጨምሮለት ነው የተሠራው። ችግሩ ሞተሩን የሚከፍት የሠለጠነ ሰውና ልዩ የምርመራ መሣሪያ ማግኘት ነው።

ስለ ፍጥነት ቃል የገባሁት ሂሳብ

400 ኖቲካል ማይል (740 ኪሎ ሜትር ገደማ) እንሂድ፤ ነፋስ የለም። 172 በ120 ኖት በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ወደ 117 ሊትር አቃጥሎ ይደርሳል። ሙኒው በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ፣ በ100 ሊትር። ሲረሱ በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ፣ በ144 ሊትር። ከሙኒ ወደ ሲረስ ለመሄድ የሚከፈለው ሁሉ የሚያተርፈው 18 ደቂቃ ነው፤ ማረፊያው ላይ ነዳጅ የሚሞላውን ሰው ለመጠበቅ የሚጠፋ ጊዜ።

ፍጥነትን ግን ጨርሶ አልንቅም፤ የሚጠቅመው ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ነው። 25 ኖት የፊት ነፋስ ሲኖር 172 በ95 ኖት እየተጎተተ 4 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ይፈጅበታል። ለተለዋጭ ማረፊያ 40 ደቂቃ፣ ለመጠባበቂያ 45 ደቂቃ ሲደመር 5 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ይሆናል። በሰዓት 35 ሊትር እያቃጠለ የሚይዘው ነዳጅ የሚያቆየው 5 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው። የጥቂት ደቂቃ ልዩነት! እንዲህ ባለ ቀን 172 መካከል ላይ ማረፍ አለበት። ባለቤቱ ይህን አስቀድሞ ከተቀበለው አውሮፕላኑ ይበቃዋል፤ የማይቀበል ከሆነ ሌላ አውሮፕላን ይግዛ እንጂ ከነዳጅ ጋር አይከራከር።

በረዶ

ክንፍ ላይ የሚጋገር በረዶ ከዚህ ሁሉ ንጽጽር በላይ ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ በረዶ ወዳለበት ደመና እንዲገቡ አልተፈቀዱም። ፒቶ ማሞቂያ፣ የፍጥነት መለኪያውን የአየር ቧንቧ የሚያሞቀው፣ መለኪያውን ያድናል እንጂ ክንፉን አያድንም። አንዳንድ ሲረስ፣ ጥቂት ሙኒና ቦናንዛ ከክንፉ ፊት ፀረ በረዶ ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ መሣሪያ አላቸው፤ ከእነዚህም በረዶ ውስጥ ለመብረር የተፈቀዱትና ለማምለጫ ብቻ የተገጠመላቸው ይለያያሉ። ወረቀቱን ያንብቡ። ክረምቱ ቀዝቃዛና ደመናማ በሆነበት አገር ያለ ሰው ከእነዚህ ርካሹን ቢገዛ በዓመት ብዙ ወር በመሬት ላይ እንደሚያሳልፍ ከወዲሁ ይወቅ።

ጥገና፦ ቆሞ የሚሞት ሞተር

«ሞተሩ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሠራው» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ደስ አይበልዎ። ብዙዎቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠቀሙበት የላይካሚንግ ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ ነው የተቀመጠው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ከላዩ ተንጠባጥቦ ይወርዳል፤ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል። ከዚያ ሞተሩ ሲነሳ ዝገቱ እንደ አሸዋ ይፈገፍገዋል። የኮንቲኔንታል ሞተር ካምሻፍቱ ከታች ስለሆነ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ሲሊንደሮቹ ግን እኩል ይዝጋሉ። በ15 ዓመት 300 ሰዓት የሠራ ሞተር በ5 ዓመት 1,000 ሰዓት ከሠራው ይልቅ ያስፈራኛል። ላይካሚንግ ለብዙ ሞተሮቹ 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ሙሉ እድሳት ይመክራል፤ ሻጮች ሰዓቱን ያወራሉ፣ ዓመቱን ይረሳሉ። ሞተሩን መሬት ላይ አስነስቶ ለአሥር ደቂቃ ማሞቅም መፍትሔ አይደለም። ዘይቱ በደንብ ስለማይሞቅ የቃጠሎው ውኃ ሳይተን እዚያው ይቀራል። ወይ ያብሩት፣ ወይ አይንኩት።

ሞተርን የሚያሳውቅ ርካሽ ምርመራ የዘይት ማጣሪያው ነው። በ50 ሰዓት አንዴ ዘይት ሲቀየር መካኒኩ ማጣሪያውን በመቁረጫ ከፍቶ የታጠፈውን ወረቀት እንደ አኮርዲዮን ይዘረጋዋል፤ ብርሃን ላይ ይዞ የሚያብለጨልጭ ነገር ይፈልጋል፣ ያገኘውን ማግኔት ያስነካዋል። ማግኔት የሚይዘው ብረት ነው፤ ያ ከካምሻፍት ወይም ከሲሊንደር የመጣ ነው። በዚህ ጊዜ አጠገቡ ይቁሙ፤ አንድ ጊዜ በዓይንዎ ካዩ ሪፖርት ማንበብ ሌላ ነገር ይሆናል።

በመሣሪያ የሚበር አውሮፕላን ከዓመታዊው ምርመራ ሌላ ጥቂት ግዴታዎች ይጨመሩበታል። በአሜሪካ ደንብ ከፍታ መለኪያውና የአየር ግፊት መስመሩ በየ24 ወሩ ይፈተሻሉ፣ ትራንስፖንደሩም (ለራዳር መልስ የሚሰጠው ሬዲዮ) እንዲሁ። ሌላ አገር ቀኑ ሊለይ ይችላል፤ ነገሩ ግን አይቀርም።

መግዛት፣ መጋራት፣ ክበብ ወይስ ኪራይ?

ይህን በገንዘብ ስም ሳልጠራ ላስላው። የአንድ ሰዓት ኪራይን አንድ እንበለው። የራስዎ አውሮፕላን ባይበርም የሚበላው አለ፦ ሃንጋር፣ ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ምርመራ፣ የጂፒኤስ መረጃ። ይህ በዓመት የ60 ሰዓት ኪራይ ያህል ነው ብለን እንውሰድ። ሲበር ደግሞ ነዳጅ፣ ዘይትና ለሞተር እድሳት የሚቀመጠው ተደምሮ የኪራዩ ግማሽ ይሁን። በእነዚህ ቁጥሮች ብቻውን የገዛ ሰው ከተከራዩ ጋር እኩል የሚሆነው 120 ሰዓት ሲያበር ነው። ለሦስት ከተጋሩት ግን ለእያንዳንዱ ሰው 40 ሰዓት ይበቃል። የራስዎን ቁጥር ያስገቡበት፤ መልሱ ቢለዋወጥም አቅጣጫው አይለወጥም።

ሽርክና ሌላም ጥቅም አለው፤ ሦስት ሰው የሚያበረው ሞተር አይዝግም። ጉዳቱ ሰው ነው። ማን መቼ እንደሚወስደው፣ አዲስ መሣሪያ ለመግጠም ስንት ሰው መስማማት እንዳለበት፣ አንዱ መውጣት ሲፈልግ ድርሻው እንዴት እንደሚተመን በጽሑፍ ካልሰፈረ ጓደኝነቱ ከአውሮፕላኑ በፊት ያረጃል።

የበረራ ክበብ፣ አባላቱ የክበቡን አውሮፕላኖች በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ርካሽ ነው፤ ይሁን እንጂ የክበቡ አምስት አውሮፕላኖች አምስት ዓይነት ጂፒኤስ ካላቸው ለመሣሪያ አብራሪ ችግር ነው። ደመና ውስጥ ሆኖ የማያውቁትን ቁልፍ መፈለግ የለመዱትን አውሮፕላን ዝግመት ያስናፍቃል። ኪራይ ላይ ደግሞ አንዳንድ አከራዮች ደመና ውስጥ ብቻዎን እንዳይገቡ ይከለክላሉ፤ ውሉን ከመፈረም በፊት ይጠይቁ።

| አውሮፕላን | ኃይል (የፈረስ ጉልበት) | ፍጥነት በግምት (ኖት) | ነዳጅ በሰዓት በግምት (ሊትር) | ሲበላሽ የሚቀረው | መካኒክና መለዋወጫ | ዋናው ጣጣ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሴስና 172ኤስ | 180 | 120 | 35 | እንደ ሰሌዳው | በጣም ቀላል | ጭነትና የፊት ነፋስ |
| ሴስና 182 | 230 | 140 | 50 | እንደ ሰሌዳው | ቀላል | ነዳጅ፣ የእሳት መከላከያ ግድግዳ |
| ሙኒ ኤም20ጄ | 200 | 155 | 39 | እንደ ሰሌዳው | የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል | የሚያፈስ ክንፍ፣ የሚታጠፍ ጎማ |
| ቦናንዛ ኤ36 | 285–300 | 165 | 57 | እንደ ሰሌዳው | ውድ | የክብደት ሚዛን |
| ሲረስ ኤስአር22 | 310 | 175 | 63 | ሁለት አልተርኔተር፣ ሁለት ባትሪ፣ ፓራሹት | ልዩ ሥልጠና | የአሥር ዓመቱ ፓራሹት |
| ዲኤ40 ኤንጂ | 168 | 135 | 24 (የጄት ነዳጅ) | ለሞተሩ የተለየ ባትሪ | ልዩ ሥልጠና | ሞተሩን የሚያውቅ መካኒክ |

ለማን የትኛው?

በዓመት ከ40 ሰዓት በታች የሚያበር ሰው አይግዛ። በተረፈው ገንዘብ በየወሩ ከአስተማሪ ጋር ይብረር። የአሜሪካ ደንብ ፈቃዱ እንዳይቀዘቅዝ በስድስት ወር ውስጥ ስድስት የመሣሪያ አቀራረብ፣ በክብ መጠበቅና መስመር መከተልን ይጠይቃል፤ ይህ ዝቅተኛው ነው፣ ደመና ውስጥ ለመግባት በቂው አይደለም።

ፈቃዱን በቅርቡ ያገኘና ኪሱ ያልፈረጠመ ሰው ከሁለት ሰው ጋር ሆኖ ቅይጥ ሰሌዳ ያለው 172 ወይም አርቸር ይጋራ። ገንዘቡ ከተረፈ ለአውቶፓይለት እንጂ ለቀለምና ለወንበር ቆዳ አያውለው።

ሚስትና ሁለት ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው 182 ይይ። ብዙውን ጊዜ ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ሩቅ የሚሄድ፣ ሙኒ የሚያውቅ መካኒክ ያለው፣ ጎማውን ማውረድ የማይረሳ ሥርዓታማ ሰው ኤም20ጄን ያግኝ፤ በሊትር ከእርሱ የሚበልጥ የለም ማለት ይቻላል፣ ናፍጣውን ካልቆጠርን። በየሳምንቱ ለሥራ የሚበር፣ ለሥልጠና ጊዜና ገንዘብ የሚመድብ ሲረስ ይችላል። በዓመት ሦስት ጊዜ ለሽርሽር የሚያወጣው ግን በዚያ ማሽን ውስጥ መንገደኛ ነው። አቭጋዝ በሚያስቸግርበት ያለ ሰው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ከማንበብ በፊት ዲኤ40 ኤንጂን ይመልከት፤ መጀመሪያ ግን ሞተሩን የሚከፍተው ሰው ስልክ ቁጥር እጁ ላይ ይኑር።

የመረጡትን ከመግዛትዎ በፊት የሻጩ መካኒክ ያልሆነ መካኒክ ይመርምረው፤ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ራስዎ ያንብቡ፣ ዓመት የዘለለበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ፀሐያማ ቀን ላይ አስተማሪ ከጎንዎ አስቀምጠው፣ ውጪውን የሚከልል መነጽር አድርገው ያብሩት። አውቶፓይለቱ እየሠራ አስተማሪው ሰው ሠራሽ አድማሱን በወረቀት ይሸፍነው፣ ቀጥሎ አልተርኔተሩን ያጥፋው፤ ከዚያ አንድ ሙሉ አቀራረብ እስከ 200 ጫማ ያድርጉ። ስንት ጊዜ እጅዎ የማያውቀውን ቁልፍ እንደፈለገ ይቁጠሩ። ሻጩ ለዚህ በረራ ፈቃደኛ ካልሆነ ወደ ሚቀጥለው ማስታወቂያ ይለፉ።